ለፌቨን የሠራሁት የዱባ ስፓጌቲ

ስደተኛ ሁሉ ከአገሩ የወጣበትን ሌሊት ያወራል። እኔ ግን ከአርባ ምንጭ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ልጄ የቀን እንቅልፏን ተኝታ ሳለች። ሰዓቱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ። የሦስት ዓመት ልጅ ነቅታ እያየችኝ ከበር መውጣት እንደማልችል አውቀው ነበር። የሰፈራችንን የሲቀላን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ፌቨን በካናቴራ ብቻ ሆና ፍራሹ ላይ በሆዷ ተኝታለች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ጎንበስ ብዬ ልስማት ስል ታላቅ እህቴ አልማዝ ክንዴን ያዘችኝ።

"ከነቃች አትሄጂም" አለችኝ ቀስ ብላ።

አልሳምኳትም። ሻንጣዬን አንስቼ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ መናኸሪያ እስክደርስ፣ ከዚያም በሚኒባስ ሶዶ እስክገባ ድረስ ምን እንዳየሁ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ልጄ ስትነቃ ምን እንደምትል ሳስብ እንደነበር ብቻ ነው። ምን እንዳለች አልማዝ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

የፌቨን አባት ሙዝ የሚጭን መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ሙዝ ጭኖ ወጥቶ ቀረ። የሞተ እንዳይመስላችሁ፤ ሻሸመኔ ሌላ ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። እኔ ሐይቁ አጠገብ ባለ ምግብ ቤት አሳ እጠብስ ነበር፤ ምግብ ቤቱም ተዘጋ። አልማዝ ደግሞ አግብታ ስድስት ዓመት ኖራ ልጅ ስላልወለደች ባሏ ወደ አገሩ ወደ ገረሴ ተመልሶ ሌላ አግብቷል። አባታችን ከኦቾሎ መንደር የመጣ ሸማኔ ስለነበር ፈትል ከእጇ አይለይም፤ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔዎች ታስረክባለች፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናት ታስተምራለች። "ሁለት ዓመት ነው፣ ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ልጅሽን እኔ እይዝልሻለሁ" ያለችኝ እሷ ናት። ስትለኝ ዓይኗ ውስጥ ደስታ አይቼ ነበር። ያን ጊዜ ስለ እኔ የተደሰተች መስሎኝ ነበር።

ቤይሩት ሦስት ዓመት ሠራሁ። የአሠሪዬ የማዳም አማት ቴታ የምንላት አሮጊት ነበረች፤ ቴታ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ጠባይዋ ክፉ ነበር፤ ከእኔ በቀር ማንም አያጥባትም፣ ማንም አያጎርሳትም። አገሩ ሲከፋ ቤተሰቡ ወደ ካናዳ ሊሄድ ተነሣ፤ ቴታም "ያለ እሷ ንቅንቅ አልልም" ብላ ሶፋውን ያዘች። እንግዲህ ዊኒፔግ የሚባል ከተማ የገባሁት በአንዲት አሮጊት እልህ ነው።

ብርዱን እንዴት ልንገራችሁ። ዶርዜ ላይ ጠዋት ጠዋት ጣት የሚቆረጥመውን ብርድ የምታውቁት፣ እሱ እዚህ ጥሩ ቀን ይባላል፤ ሰዉ ጃኬቱን አውልቆ "እንዴት ደስ ይላል" ይባባላል። ሙዙ ሙዝ ይመስላል፣ አይሸትም። አሳው ጭንቅላትም ዓይንም የለውም፤ እንደ ሳሙና በአራት ማዕዘን ተቆርጦ በካርቶን ይሸጣል። ጎረቤት በአሳንሰር ውስጥ ፈገግ ይልልሃል፤ በሚቀጥለው ቀን ስሙን ብትጠይቀው ይደነግጣል።

ቴታ ስኳር ነበረባት። ማካሮኒና ሩዝ ካልበላሁ ብላ የምትጮህ ሴት ናት፤ ሐኪሙ ሁለቱንም ከለከለባትና "ስፓጌቲ ስኳሽ ስጧት" አለ። እኔም ማዳምም ምን እንደሆነ አናውቅም ነበር። ገበያ ሄደን አየነው፤ ቢጫ፣ ሞላላ፣ የበሰለ ፓፓያ የሚመስል ዱባ ነው። ተጠብሶ በሹካ ሲፋቅ ውስጡ እንደ ስፓጌቲ ክር ክር እየሆነ ይወጣል። ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ በክሬምና በነጭ ሽንኩርት ከተሠራ የጣልያን ዶሮ ጋር አቀረብኩላት። ቴታ ሳህኑን ጨርሳ "ደግመሽ ሥሪ" አለች። በዚያ ቤት ለሠራሁት ነገር ምስጋና ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እስክትሞት ድረስ በየሳምንቱ ሠራሁላት። ከዚያ በኋላ የመኖሪያ ወረቀቴ ወጣ፤ ሆስፒታል ወጥ ቤት ገባሁ፣ ቤዝመንት የሚሉትን ምድር ቤት ለብቻዬ ተከራየሁ፣ ልጄንም ለማምጣት ወረቀት ጀመርኩ።

የስምንት ዓመቱን ስልክ ባላወራው ይሻላል። ፌቨን አልማዝን "እማ" ትላታለች። እኔን "ማሚ" ትለኛለች። መጀመሪያ ቆንጆ ቃል መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ማሚ ማለት ስልክ ውስጥ ያለችው ሴት ማለት ነው።

ወረቀቱ የልደት የምስክር ወረቀት ፈለገ፤ ፌቨን ስትወለድ አላወጣንላትም ነበር። አልማዝ ልጅቷን ይዛ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጸሐፊው "ልጅቷ ለመወለዷ ማስረጃ አላችሁ?" አላት።

"ይችው፣ ቆማለች" አለችው።

"መቆሟንማ አየሁ። የጠየቅኩት መወለዷን ነው።"

ለምስክርነት አብሯቸው የሄደው ጎረቤታችን ጋሽ ሱልጣን፣ የጅምላ ሱቅ ያለው ስልጤ፣ ትዕግሥቱ አለቀና "ወንድሜ፣ ያልተወለደ ሰው መጥቶ ከእኔ ብስኩት ሲገዛ አይቼ አላውቅም" አለ። ጸሐፊው ሳቀና ፈረመ። አልማዝ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

እዚህ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የኢሚግሬሽን ሠራተኛዋ በስልክ ጠየቀችኝ። "ልጅቷን ማን ነው ያሳደጋት?"

"እህቴ።"

"ስትታመም ማን ነው ሐኪም ቤት የሚወስዳት?"

"እህቴ።"

"ትምህርት ቤት በወላጅ ስም የተመዘገበው ማነው?"

"እህቴ።"

 ከዚያ፣ ክፉ ሰው አይደለችም፣ በጨዋ ድምፅ "እርስዎስ ምኗ ነዎት?" አለችኝ። ከጉንጬ ምራቅ ወስደው መረመሩ፤ ከፌቨንም ወሰዱ። እናቷ ነሽ የሚል ወረቀት መጣልኝ። ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ሁሉ አስቤ ነበር።

አከራዬ ሚስተር ቪቶ ከላይ ፎቅ የሚኖር የጣልያን ሽማግሌ ነው። ልጄ ልትመጣ ነው ስለው ኮንትራቱን አውጥቶ መነጽሩን አደረገ።

"እዚህ ላይ የሚለው አንድ ሰው ነው።"

"ልጄ እኮ ናት።"

"ልጅ ሰው አይደለችም?"

"ናት።"

"እንግዲያውስ ሁለት ናችሁ" አለና ወረቀቱን አጠፈ። ትንሽ ቆይቶ "ጫማዋን በር ላይ ታውልቅ" አለኝ። ፈቀደ ማለት ነው።

ከመምጣቷ አንድ ወር በፊት አልማዝን "ምን ትወዳለች? ምን ልሥራላት?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ስፓጌቲ ነፍሷ ነው" አለችኝ። "ዱባም ትወዳለች። ከነልጣጩ ቀቅዬ ከሰጠኋት ሌላ አትፈልግም።"

ስልኩን ስዘጋ ብቻዬን እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ስፓጌቲም ዱባም የሆነ ነገር እኔ አውቃለሁ! እግዚአብሔር ራሱ ያዘጋጀልኝ መሰለኝ። ያን ወር ሙሉ ሥራ ላይ ሆኜ የማስበው ያን ምሳ ነበር።

አልማዝ ሌላም ነገር አለችኝ። "ከመጣች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ስልኳን አላነሣም። ካነሣሁ አንቺን አትለምድም። አንቺም አታገናኝን፣ ቃል ግቢልኝ።" ቃል ገባሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት።

ሐሙስ ማታ ደረሰች። ሳውቃት ጉልበቴን የምትይዝ ልጅ፣ አሁን ትከሻዬን አልፋለች። የአየር መንገድ ሠራተኛዋ አጠገብ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። ሮጬ ሄድኩ። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ጎንበስ ብላ፣ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ፣ በሥነ ሥርዓት።

"ደህና ነዎት?" አለችኝ።

ለእናት አንቱ አይባልም። እኛ ቤት እናታችንን አንቺ እያልን ነው ያደግነው፤ አልማዝንም አንቺ ነው የምትላት። ልጅቷ ጨዋ ስለሆነች፣ ለማታውቀው ትልቅ ሰው የሚባለውን ነው ያለችኝ።

አርብ ሙሉ ቀን ከዳቦና ከሻይ በቀር አልበላችም። ለሁሉም ነገር "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ትላለች። ሰውነቷ ገና በአርባ ምንጭ ሰዓት ስለሆነ አመሻሹ ላይ ወንበር ላይ እንዳለች ያንቀላፋታል። ስለዚህ እራት የነበረውን ድግሴን ለቅዳሜ ምሳ አደረግኩት።

ጠዋት ዶሮውን በሎሚና በጨው አጠብኩ። አጥንት የሌለው የደረት ሥጋ ነው፤ እዚህ ማንም ዶሮ አያጥብም፣ ማዳምም ሁልጊዜ ትስቅብኝ ነበር፣ እኔ ግን ሳላጥብ እጄ እሺ አይለኝም። ዱባውን ልሰነጥቀው ስል ቢላዋው መሃል ላይ ተቀረቀረ። ፌቨን ከኩሽናው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ታየኛለች።

"ምንድን ነው?" አለች።

"ዱባ ነው።"

"ዱባ እንዲህ አይደለም።"

"ቆይ፣ አሁን ታያለሽ።"

ፍሬውን ጠርጌ፣ ዘይትና ጨው ቀብቼ፣ በአፉ ደፍቼ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። እሱ እስኪበስል ዶሮውን በቅቤ አገላብጬ ጠበስኩና አነሣሁት፤ በዚያው መጥበሻ ነጭ ሽንኩርቱን፣ የደረቀ ቲማቲሙን፣ ክሬሙን፣ የተፈረፈረ አይቡን ጨመርኩ። ይኼ አይብ የእኛን አይብ እንዳይመስላችሁ፤ ድንጋይ ነው፣ ሽታውም የካልሲ ነው፣ ሲቀልጥ ግን ይጣፍጣል። ቅቤው ጨሶ ኖሮ ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ መጮህ ጀመረ። ፌቨን ጆሮዋን ይዛ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። ሚስተር ቪቶ በነጠላ ጫማ እየሮጠ ወረደ፤ በመጥረጊያ እንጨት ማንቂያውን መትቶ ዝም አሰኘውና መጥበሻውን አየ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የጣልያን ዶሮ ነው።"

"ማን አለ?"

"ኢንተርኔት ላይ ነው ያየሁት።"

"ኢንተርኔት ጣልያን አይደለም። እናቴ ዶሮ ላይ ክሬም ስታፈስ አይቼ አላውቅም። ያ ቢጫውስ?"

"ስፓጌቲ ነው፤ ከዱባ።"

እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር ያለችውን ልጄን አየ፤ ድምፁ ተለወጠ። "እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር" አለኝ። "ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እናቴ ጣቢያ ላይ ስትስመኝ ሴትየዋ ማናት ብዬ ጠየቅሁ።"

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። "እስኪለምዷት ስንት ጊዜ ፈጀብዎ?"

መጥበሻውን አየ። "ክሬምሽ እየገነፈለ ነው" አለኝና ደረጃውን ወጣ።

ዱባው ሲበስል አወጣሁት። በሹካ ስፍቀው ረጃጅም ቢጫ ክር እየሆነ ወጣ። ፌቨን ተነሥታ መጣች፤ በሁለት ቀን ውስጥ በራሷ ፈቃድ ስትጠጋኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"ፈትል ይመስላል" አለች።

"ነይ፣ ሞክሪ።"

ሹካውን ተቀብላ ሁለተኛውን ግማሽ ፋቀችው። ክሩ እንዳይበጠስ እየተጠነቀቀች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ። በጣቷ ጠቅለል እያደረገች ሳህን ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አልማዝ ፈትሏን እንደምትሰበስበው። ትከሻዋ ክንዴን ነክቶ ነበር። ክንዴን ሳላንቀሳቅስ ቆምኩ። ያቺን አምስት ደቂቃ ማንም አይወስድብኝም።

ከዚያ አቀረብኩ። ዱባው ከሥር፣ ዶሮው ከላይ፣ ክሬሙ ዙሪያውን፣ ስፒናች የሚሉት ቅጠል ተቀላቅሎበት፤ የአገራችን ሽፈራው፣ ሃለኮ፣ ባይሆንም አረንጓዴ ነው ብዬ። በላዩ በሶብላ ጣል አደረግኩበት፤ የጣልያኖቹ በሶብላ ከእኛው ጋር ይመሳሰላል፣ ሽታው ብቻ ለስለስ ይላል። ጸለይን። ፌቨን በሹካ ጠቅልላ ጎረሰች። አላመጠች፣ ቆመች፣ እንደገና አላመጠች።

"ስፓጌቲ አይደለም" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ፣ ዱባ ነው።"

"ዱባም አይደለም።"

እንደምንም ዋጠችው። ሹካዋን አስቀመጠችና ዓይኗ እንባ ሞላ። "ይቅርታ" አለችኝ። "ብዙ ደክመዋል። አይቆጡኝ።"

"አልቆጣሽም፣ የኔ ልጅ።"

ተነሥታ ቦርሳዋን ከፈተችና በፌስታል የተጠቀለለ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። አልማዝ የላከችላት ዳጣ ነው። ክሬሙን በሹካዋ ጠርዝ ጠርጋ፣ ዶሮውን በዳጣ እየነከረች በላች። ዱባውን አልነካችውም። እኔ የእሷንም የእኔንም ዱባ በላሁ፤ ምን እንደሚል ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ሳህን ሳጥብ ከመኝታ ክፍሉ የስልክ ጥሪ ድምፅ ይሰማኛል። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቆማል። እንደገና። በበሩ ክፍተት አየኋት፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ሰባት ጊዜ ደወለች። በሰባተኛው "እማ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ፌቨን ነኝ" አለች፤ ማንም ሳያነሣ፣ ለጥሪው ድምፅ። የምትደውለው እሷ መሆኗን አልማዝ ያላወቀች መስሏት ነው።

እጄን ሳልጠርግ በራሴ ስልክ ደወልኩ። እዚያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አልማዝ አንዴ እንኳ ሳይጠራ አነሣችው።

"በላች?" አለችኝ። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም።

"ዶሮውን በዳጣ በላች።"

"ተመስገን። ምን ሠርተሽላት ነው?"

ነገርኳት። ዱባውን እንዴት እንደሰነጠቅሁት፣ ስንት ደቂቃ ኦቨን ውስጥ እንደቆየ። "ከዚያስ?" ትለኛለች። ነጭ ሽንኩርቱን ነገርኳት። "ከዚያስ?" አልማዝ ምግብ የመሥራት ፍቅር የላትም። እንዳልዘጋ ነው የምትጠይቀኝ። ነገሩ ሲያልቅብኝ ደግሜ ከዶሮው እጥበት ጀመርኩላት፤ እንዳልሰማች ሆና ሰማችኝ።

በመጨረሻ "ሰባት ጊዜ ደወለችልሽ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ነው የቆጠርኩት።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጄን አደራ የሰጠኋት ይመስለኝ ነበር። አሁን ደግሞ ልጇን የወሰድኩባት እኔ ነኝ። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት ፌቨን የኩሽናው በር ላይ ቆማለች፤ የማወራው ከማን ጋር እንደሆነ ከድምፄ አውቃለች። እጇን ዘረጋች።

"አትስጫት" አለች አልማዝ፣ በሩቁ የሆነውን እንዳየች ሁሉ። "ቃል ገብተሽልኛል።"

ሰጠኋት።

"እማ?"

የስልኬ ድምፅ ጎላ ያለ ነው፤ አልማዝ ጉሮሮዋን ስትጠርግ እኔም ሰማሁ። ከዚያ "ወዬ፣ ልጄ" አለች እህቴ።

"ስልክሽ ተበላሽቶ ነው?"

"አዎ፣ ባትሪው ነው። እንዴት ነሽ? ሞቀሽ? ካልሲ አድርገሻል?"

"አድርጌያለሁ። ሴትዮዋ ጥሩ ናቸው እማ። አይቆጡም።"

ፊቴን ወደ ቧንቧው አዞርኩ። ውኃውን ግን አልከፈትኩም፤ መስማት ፈልጌ ነበር።

"ናቸው አትበያት" አለች አልማዝ፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። "ናት በያት። ሴትዮም አትበያት። እናትሽ ናት፣ ፌቨን። እኔ ምን ብዬ ነው ያስተማርኩሽ?"

"እሺ" አለች ልጄ። ቀጥላም፣ "ግን አንቺ መቼ ነው የምትመጪው?" አለቻት።

ኢሚግሬሽኖቹ ለእህት የሚሞላ ፎርም የላቸውም። ጠይቄያለሁ። ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ።

አልማዝ አልመለሰችም። ፌቨን የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው፤ አልተቋረጠም፣ ደቂቃው ይቆጥራል። ከዚያ ቀና አለችና እኔን አየችኝ፤ መልሱ እኔ ጋ ያለ ይመስል።